ሌንስ ላይ የተደረበ መስታወት

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ወር ላይ ነው። ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። የጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ የቀረውን የተማርኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሳጥብ ነው። ስለዚህ እንደማወራው እጽፋለሁ፣ ያልጣመው ይተወው።

አዳማ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረኝ። አሁን የያዘው የልጄ ባል ነው። ሙያውን እኔ አስተማርኩት ብዬ አልኮራበትም፣ ምክንያቱም እሱ የሚሠራውና እኔ የሠራሁት አንድ ሙያ አይመስለኝም። እሱ ሰርግ ያነሳል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ በኮምፒዩተር ጥቁሩን ሰው ቀይ ያደርጋል። እኔ ጠዋት ጠዋት እየገባሁ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚመጣውን አነሳለሁ። መጥፎ ልጅ አይደለም። አባባ ይለኛል፣ ስገባ ከወንበሩ ይነሳልኛል፣ ልጄንም አያስከፋብኝም። አንድ አመል ግን አለበት። ያገኘውን ነገር ሁሉ ይሸፍናል።

ቤታቸው ስገባ ይቀፈኛል። ሶፋው ከሱቅ የመጣበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልወጣለትም። በአዳማ ሙቀት ላስቲክ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የተቀመጠበት ያውቀዋል። ላብህ መሄጃ አጥቶ ጭንህ ሥር ይጠራቀማል፣ ስትነሳ ሱሪህ ቻ ብሎ ይላቀቃል፣ እንግዳ ፊት ታፍራለህ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል። ፌስታሉ ስንት የወጥ ጣት ነክቶት ቡናማ ሆኗል፣ ስትይዘው ይሟልጫል፣ ቁጥሩ አይታይም። ውስጡ ያለው ግን አዲስ ነው ይሉሃል። የስልኩ ፊት ላይ ሌላ መስታወት ለጥፎበታል። ያ መስታወት ተሰንጥቆ ጣት ይቆርጣል፤ እሱ ደግሞ ዋናው አልተነካም ብሎ ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠየቅሁት። "ይኼ ሁሉ የሚቀመጠው ለማን ነው?"

"ስንሸጠው ዋጋ ያወጣል አባባ" አለኝ።

ለሚገዛው ሰው ነው እንግዲህ። እኛ ዕድሜ ልካችንን ላስቲኩን ስንጠቀም እንኖራለን፣ ሶፋው ላይ የሚቀመጥበት ሌላ ሰው ነው። ምሳዬን ሳልጨርስ እጄን ታጠብኩ።

ይኸው አመል ነው ካሜራው ላይ የመጣው። ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዝ ክብ መስታወት አለ፣ ፊልተር ይሉታል። በእኔም ጊዜ ፊልተር ነበረ። ቢጫው ሰማዩን አጥቁሮ ደመናውን ያወጣልሃል፣ አረንጓዴው ቅጠሉን ያፈካልሃል። ሥራ ነበረው፤ ሥራው ሲያልቅ ፈትተህ ኪስህ ትከተዋለህ። የአሁኑ ግን ቀለም የለውም፣ ሥራም የለውም። ሥራው ሌንሱ እንዳይቧጨር ፊት ቆሞ መቧጨር ነው። ያ ሁሉ ሰው ተጨንቆ የሠራው ሌንስ ፊት ከገበያ የተለቀመ የመስኮት መስታወት የመሰለ ነገር ይገተራል። አንዴማ ሁለት ደርቦ ሲያነሳ ይዤዋለሁ።

"ሁለቱ ለምንድን ነው?"

"አንደኛው ከተሰበረ ብዬ ነው።"

ሌላው ነገር ኮፍያው ነው። እነሱ ሁድ ይሉታል። ሌንሱ ጫፍ ላይ ወደ ፊት ወጣ ብሎ የሚገባ ጥቁር ጥላ ነው፣ ፀሐይ በጎን ሾልካ መስታወቱን እንዳትመታው። ይህን እወደዋለሁ። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፀሐይ ላይ ዓይኑን እንደማያጨናብሰው ማለት ነው። ካሜራው ቢወድቅ እንኳ መሬቱን ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። የልጄ ባል ግን ኮፍያውን ወደ ኋላ ገልብጦ ነው የሚያስገባው፣ ቦርሳ ውስጥ ቦታ እንዳይዝ። ፎቶ ሲያነሳም እንደተገለበጠ ነው። ሰርግ ላይ ወድቆ እንዳይጠፋ ብሎ ደግሞ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆታል። ኮፍያውን ገልብጦ የሚያነሳ ሰው ሳይ ሱሪውን ገልብጦ አደባባይ የወጣ ሰው ያየሁ ይመስለኛል፣ ፊቴን አዞራለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ፊልተር አለኝ ብሎ የሚሠራው ሥራ ነው። ሰርግ ላይ አረፋ ይረጭበታል። ልጆች በኬክ ጣታቸው ይነኩታል። ከዚያ ምራቁን እንትፍ ይልበትና በሸሚዙ ጫፍ ያሸዋል። በዓይኔ አይቻለሁ! ጮኼበታለሁም።

"ፊልተር እኮ ነው አባባ፣ ሌንሱ አይደለም" አለኝ፣ እየሳቀ።

ሌንሱን ቢሆን ኖሮ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። ፊልተር ስለሆነ ይተፋበታል። የሰው ልጅ ሙሽራ የሚታየው ግን በዚያ ምራቅ በደረቀበት መስታወት በኩል ነው።

ሐቁን ልናገርና፣ ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ከሁለት ዓመት በፊት አብያታ ሐይቅ ዳር ሙሽሮች ሊያነሳ ሄዶ ነበር። ውሃው ወደ ኋላ የሸሸበት ዳርቻ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨዋማ አፈር ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ዓይን ያቃጥላል። አብሮት የሄደው ረዳት ያንን አፈር ከሌንሱ ላይ በጋቢ ጫፍ ሲጠርግ፣ መስታወቱን ድመት እንደቧጨረችው አደረገው። ሌንሱ ሞተ። የልጄ ባል ያን ቀን ማታ እራቱን አልበላም። ፊልተር መጥመዝመዝ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ይገባኛል። ቢገባኝም ያስጠላኛል።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ላውራ።

ቆቃ ውስጥ፣ ከግድቡ ውሃ ዳር፣ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት አውቃለሁ። የእድሜ እኩያዬ ናት። ከልጃገረድነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ሰርጓን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አገጯ ላይ ዘይት ፈንጥቆባት የቀረ ጠባሳ አለ፣ ስትስቅ ወደ ላይ ይሳባል። በዚያ ጥር፣ ቅዳሜ ቀን ደወለችልኝ።

"ነገ ናና አንሳኝ" አለች።

"ሰርግ አለብሽ እንዴ?"

"ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ሆስፒታል እገባለሁ። ሆዴን ሊከፍቱት ነው። ከተዘጋ ጥሩ፣ ካልተዘጋ ግን በመታወቂያ ፎቶ እንዳታስለቅሱብኝ።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ታላቅ እህቷ የሞተች ጊዜ ለቅሶው ላይ አብረን ነበርን። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሟች ፎቶ አድጎ፣ በፍሬም ሆኖ፣ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መጪው ሁሉ እሱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። የእህትየውን ፎቶ ቤተሰቡ ቢፈልግ ቢፈልግ ከቀበሌ መታወቂያዋ ሌላ አልተገኘም። እሱን አሳድገው አቆሙት። ፊቷ ካሜራ ሲያዩ እንደሚኮሳተሩት ነው፣ ዕቃዋን የሰረቋት ይመስላል። ትከሻዋ ላይ የማኅተሙ ግማሽ ክብ አብሮ አድጎ የድስት ክዳን አክሏል፣ ወይን ጠጅ ቀለሙ ሳይቀር። ሰዉ ማኅተም ፊት ቆሞ ደረቱን ይመታል። እኔ ሙያዬ ነውና ከማልቀስ ይልቅ አቅለሸለሸኝ። እሷ ደግሞ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ "እህቴ ማኅተም ተመቶባት ተቀበረች፣ አየህ?" አለችኝ። ያን ከተናገረች በኋላ ነው ለቅሶዋ የመጣው።

እሑድ የልጄ ባል ሁለት ሰርግ ነበረበት። ሁለተኛውን ካሜራ ሊሰጠኝ ተስማማ። ሲሰጠኝ ግን እንደ ሕፃን አቅፎት ነበር።

"አባባ፣ የቆቃ ነፋስ መጥፎ ነው። ፊልተሩን እንዳይፈቱት።"

"ፀሐይ ካለስ?"

"ፀሐይ ምንም አያደርገውም። ሌንሱን ራቁቱን አይስደዱብኝ፣ እባክዎን።"

ካሜራውን ተቀበልኩት። ልጄ መጣች፤ አመሌን ታውቀዋለች።

"አባዬ፣ የተሰጠህን ሳትነካካ ተጠቀምበት። በል ቃል ግባልኝ።"

ቃል ገባሁ። ቃሌን ደግሞ አላጥፍም፣ ያ ነው የእኔ አመል። ፊልተሩንም፣ ተገልብጦ በፕላስተር የታሰረውንም ኮፍያ፣ እንዳለ ይዤ ሄድኩ።

ቆቃ ስደርስ አሥር ሰዓት ገደማ ሆኗል። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ውሃውን እንደ ቆርቆሮ ታብለጨልጨዋለች። ሴትየዋ የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ መጥበሻዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ከኋላዋ ቆማ ፀጉሯን ታስተካክላለች።

"መጣህ? እኔ ደግሞ ቀድመኸኝ ሞተህ ይሆናል ብዬ ነበር" አለችኝ።

"ተራሽን አልነጥቅሽም።"

"ደግ አደረግህ። በል የት ልሁንልህ?"

ፀሐይዋን አየሁ። "ከዳስሽ ሥር ግቢ፣ ጥላ ነው፣ ፊትሽ ጥርት ይላል።"

"አልገባም። ውሃው ከኋላዬ ይታይ። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ውሃ ነው።"

"ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው የሚመታኝ።"

"ያንተ ችግር ነው። ፎቶ አንሺው አንተ፣ ሟቿ እኔ።"

ልጇ "እማዬ!" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሷ ከበርጩማዋ ንቅንቅ አላለችም።

እንግዲህ ኮፍያ የሚያስፈልገው ይኼኔ ነው። ኮፍያው ግን በፕላስተር ታስሮ ወደ ኋላ ዞሮ ተኝቷል። ግራ እጄን አንስቼ ሌንሱን ላጠላው ሞከርኩ። ድሮ እንዲያ አደርግ ነበር። አሁን ካሜራው በአንድ እጅ ይከብደኛል። መልሼ በሁለት እጄ ያዝኩት። ያነሳሁትን ከኋላ በስክሪኑ ልየው ብል፣ እሱም ላይ ላስቲክ ተለጥፏል። ከሥሩ አየር ገብቶ አረፋ ሠርቷል፣ ላዩን የሰው ጣት ቅባት በቅባት አድርጎታል። በፀሐይ ውስጥ የራሴን ጢም ነው ያየሁበት።

"ፈገግ ልበል ወይስ ልኮሳተር?" አለችኝ።

"እንደ ልማድሽ።"

"ልማዴማ መሳደብ ነው።"

"ተሳደቢያ!"

"አንተ አሮጌ ጅብ!" አለችና በራሷ ስድብ ሳቀች። ጠባሳው ወደ ላይ ተሳበ፣ ዓይኗ ጠበበ፣ እጇ ማጥለያውን እንደያዘ ጭኗ ላይ አረፈ። ያኔ ተጫንኩት። እድሜ ልኬን ሰው አንስቻለሁ፣ የተያዘውን ፎቶ ሳላጥበው አውቀዋለሁ። ያ ተይዟል ብዬ አመንኩ።

የጠበሰችውን ዓሣ አበላችኝና ተመለስኩ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ የልጄ ባል ከሰርግ ሲገባ ፎቶ ቤት ጠብቄው ነበር። ደክሞታል፣ ፀጉሩ ውስጥ የሰርግ ብልጭልጭ ተሰግስጓል፤ ሆኖም ሳይቀመጥ ኮምፒዩተሩን ከፈተልኝ። ልጄም መጣች። ፎቶዎቹ ወጡ።

ሴትየዋ የለችም። አለች፣ ግን ጭስ ውስጥ ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ መጋረጃ የወረደ ይመስላል። ያ የሳቀው ፊት ላይ፣ ከዓይኗ ሥር ጉንጯ ላይ፣ አረንጓዴ ክብ ብርሃን ተቀምጧል፣ እንደበሰበሰ ሎሚ። ጠባሳውን ብፈልገው አጣሁት። በመስታወቱ ላይ የተለደፈው ምራቅና ቅባት በፀሐዩ በርቶ፣ የታሸበት መስመር ሳይቀር ይታያል። የሰው ንፍጥ የሴትየዋ ፊት ላይ የተቀባ መሰለኝ።

"ቱ!" አልኩ። ወለሉ ላይ መሆኑን እንኳ አላየሁም።

"አባዬ!" አለች ልጄ።

"እሱ ይትፋበት፣ እኔ ስተፋ ነው ነውር የሚሆነው?"

የልጄ ባል አልተቆጣም። "ፀሐይ ፊት ለፊት አንስተው እኮ ነው አባባ። ይኼ ያለ ፊልተርም ትንሽ ይመጣል።"

"ትንሽ!"

"ይስተካከላል። ይዩ።" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማውስ በሚሏት አይጥ ወዲህ ወዲያ ሲል አረንጓዴው ጠፋ። ጭሱም ሳሳ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ የፊቷ መስመር ለሰለሰ። ጠቅ፣ ጉንጯ ቀላ። ከዚያ ዞሮ አየኝ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው። "ይኸው፣ የሃምሳ ዓመት ሴት ሆኑ።"

ስክሪኑን አየሁት። አገጩ እንደ ሳሙና ልሙጥ ሆኗል። ዓሣ ጠብሳ የማታውቅ፣ ፀሐይ ያልነካት፣ ማንንም ተሳድባ የማታውቅ አንዲት ወይዘሮ ታየኛለች።

"ይኼ በማን ለቅሶ ላይ ነው የሚቀመጠው?" አልኩት።

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"ይቺን ሴት አላውቃትም። ልጆቿ ለማያውቋት ሴት ሊያለቅሱ ነው?"

አሁን ተናደደ። ልጁ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል። "እርስዎስ አባባ? በእርሳስ ኔጋቲቭ ላይ ይሥሉ አልነበረም እንዴ? እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ። ራስዎ ነዎት ያጫወቱኝ።"

እውነቱን ነው፣ እሥል ነበር።

"የኔ እርሳስ ብጉር አጥፍቷል እንጂ ሰው አላጠፋም" አልኩት።

"ታዲያ ልዩነቱ መጠን ነዋ።"

ይኼኔ ባሰብኝ። ፊልተሩን፣ ላስቲኩን፣ ሶፋውን፣ ሪሞቱን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አምጥቼ ወረድኩበት። የምትኖሩት ፌስታል ውስጥ ነው አልኩት። ልጄ በመሃል ገባች።

"በቃ አባዬ። ስትመለስ እንደገና ታነሳታለህ።"

"ከተመለሰች" አልኩ።

የልጄ ባል ስክሪኑ ላይ ያለችውን ወይዘሮ ትንሽ ተመለከተና መልሶ ዘጋት።

"እሳቸው ስንት ሰዓት ነው የሚሄዱት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ጠዋት። በአንድ ሰዓት መኪና ይመጣላቸዋል።"

ያንኑ ሁለተኛውን ካሜራ ከቦርሳው አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ሰርግ እስከ ሐሙስ የለኝም። ፊልተሩን የሚፈቱ ከሆነ ይፍቱት፣ እኔ ግን አልፈታም። ሌንሱ ከሞተ ሐሙስ ምን ይዤ እንደምወጣ እርስዎ ይነግሩኛል።"

"እነግርሃለሁ" አልኩት። ምን እንደምነግረው ግን አላውቅም ነበር።

በነጋታው ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። መብራቱን አብርቼ ካሜራውን ጭኔ ላይ አደረግሁት። በመጀመሪያ ፕላስተሩን በምላጭ ሰነጠቅሁት። ሥሩ የቀረው ማጣበቂያ ጥቁር እድፍ ይዞ እንደ ሙጫ ይጎተታል፣ ጣቴ ላይ ሲለጠፍ ተንገሸገሽኩ። በነጭ ጋዝ ጨርቅ ነክሬ አስለቀቅሁትና ደረቅ ጨርቅ አስከተልኩበት። ኮፍያውን ፈትቼ ወደ ፊት አስገባሁት፤ ጠቅ ብሎ ገባ። የስክሪኑን ላስቲክ በጥፍሬ ጫፉን አንስቼ ላጥኩት።

ፊልተሩ ግን እምቢ አለ። በጥርሱ መሃል አሸዋ ገብቶ ነክሶታል። በጣቴ ብይዘው ይሟልጫል፣ በኃይል ብጨምቀው ቀለበቱ ይጣመምና ጭራሽ ይጣበቃል። ኮፍያውን መልሼ አወጣሁ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማዬን አጥቤ አደረቅሁ፣ ጎማውን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ሌንሱን በአፉ ደፋሁበትና በቀስታ ተጭኜ አዞርኩት። ጎማ ዙሪያውን እኩል ይይዛል። ክርርር ብሎ ላላ። ፊልተሩን በሁለት ጣት፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው አንስቼ፣ የልጄ ባል የሚያየው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ሥሩ የነበረው ሌንስ እንደ ጉድጓድ ውሃ ጠቁሮ፣ ጠርቶ ተቀምጧል። ኮፍያውን መልሼ አስገባሁበት።

በር ላይ ባጃጅ አገኘሁ። ሹፌሩ ጎረቤታችን ነው።

"አካም ቡልታን አባባ?" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለኝ። "በዚህ ጠዋት ወዴት ነው?"

"ነጋ፣ ደህና ነኝ። ወደ መናኸሪያ፣ ቶሎ።"

በሞጆ አድርጌ ቆቃ ስደርስ ሴትየዋ ከልጇ ጋር አስፋልቱ ዳር ቆማለች። ሻንጣ አጠገቧ አለ። የዓመት በዓሉ ቀሚስ የለም፣ አሮጌ ሹራብ ለብሳ ነጠላ ደርባለች። ከሌሊቱ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ ስለተነገራት ከንፈሯ ደርቋል።

"ደግሞ ምን ፈለግህ?" አለችኝ።

"የትናንቱ ተበላሽቷል።"

"ፊቴ ከበደው?"

"መስታወት ተደርቦበት ነበር። አሁን አውልቄዋለሁ።"

ልጇ አየችኝ። "አሁን? መኪናው እኮ ሊመጣ ነው።"

"ቀሚሴ ሻንጣው ሥር ነው፣ አላወጣውም" አለች ሴትየዋ። "ውሃውም ከዚህ አይታይም።"

"እነሱ ይቅሩ። እዚህ ግድግዳ ጋር ቁሚልኝ።"

የአንዲት ሱቅ ግድግዳ ነው፤ በሩ ገና አልተከፈተም፣ ሰማያዊ ቀለም ያለው የቆርቆሮ መዝጊያ ነው። ፀሐይዋ ከቤቶቹ በላይ ጠርዟን ብቻ አውጥታለች። ሴትየዋ ቆመች። ካሜራውን አነሳሁ።

"ተሳደቢያ" አልኳት።

"ዛሬ ጉልበት የለኝም" አለች።

ነጠላዋን ሰበሰበችና ወደ ሌንሱ አየች። ልጫን ስል አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከሐዋሳ በኩል እየበረረ መጣና ከአስፋልቱ ወርዶ አቧራውን አስነሳው። ጀርባዬን ሰጠሁት። ሌንሱን ከነኮፍያው ደረቴ ላይ አጣብቄ ጎንበስ አልኩበት። አሸዋው አንገቴን ገረፈኝ፣ አፌ ውስጥ ገባ። የልጄን ባል በዚያች ደቂቃ አሰብኩት፤ ስለ እሱ ደግ ነገር ለማሰብ ግን ጊዜ አልነበረኝም። አቧራው እስኪረጋ ቀና አላልኩም። ስዞር ሴትየዋ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ እያወረደች ነበር።

ያኔ አነሳኋት። ሳቅ የለም፣ ውሃ የለም፣ መጥበሻ የለም። ፊቷ ብቻ ነው፣ ፈርታለች፣ መፍራቷን ለማንም አልነገረችም፣ ጠባሳው ቦታው ላይ ነው።

የሚወስዳቸው መኪና መጣና ጥሩምባ ነፋ። ልጇ ሻንጣውን ይዛ ሮጠች።

"አሳየኝ" አለችኝ እሷ።

ስክሪኑን ሰጠኋት። በጥላ ሥር ቅርብ አድርጋ አየችው።

"አስቀያሚ ነኝ።"

"ሁልጊዜም ነበርሽ።"

"ጠባሳዬን አልነካካኸውም?"

"አልነካሁትም።"

"ይሁን እንግዲህ" አለችና ልጇ በሰጠቻት እጅ ተደግፋ መኪናው ውስጥ ገባች። በመስኮቱ አልዞረችም። መኪናው ወደ ሞጆ ሄደ።

ሌንሱን አየሁት። ጥቂት የአሸዋ ቅንጣት መስታወቱ ላይ ተቀምጧል። በሸሚዜም በነጠላም አልነካሁትም። አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቄ በቀስታ እፍ እፍ አልኩበት፣ እስኪረግፍ ድረስ። ከዚያ ክዳኑን ገጠምኩበትና አስፋልቱን ተሻግሬ የአዳማ መኪና ለመጠበቅ ቆምኩ።